«ጠግቤአለሁ»፤ ስለ መብልና ስለ አእምሮ ጤና ከጉራጌ አገር ታሪክ የሚገኝ ትምህርት
(በሬዲዮ ከተሰማው ንግግር የተወሰደ)



በአገራችን ከሰው ቤት የገባ እንግዳ ሁሉ ሳይሰማት የማይወጣት አንዲት ቃል አለች፤ እርስዋም «ብላ» የምትለው ናት። እንግዳው በቃኝ ቢል «በሞቴ» ይባላል፤ እጁን ቢሰበስብ ጉርሻ ይከተለዋል፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ተብሎም ሁለተኛው ይጨመርለታል። እንዲህ ባለው አገር ተቀምጠን «ምግብ ከፊቱ ቀርቦለት መብላት የተሳነው፥ ወይም ከበላ በኋላ በድብቅ የሚያስመልስ ሕመምተኛ አለ» ቢሉን፥ አብዛኞቻችን «ይህስ የጠገበ አገር በሽታ ነው፤ ወደ እኛ አይደርስም» ብለን እናልፈዋለን። የዛሬው ንግግራችን ዓላማ ይህ አሳብ ምን ያህል ትክክል እንደ ሆነ ከታሪክ ጋር አስተያይቶ መመርመር ነው።

ነገሩን እንድመረምር ያነሣሣኝ በዓይኔ ያየሁት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእኛ ጋር በአንድ መሥሪያ ቤት የምትሠራ አንዲት ወጣት ጸሐፊ ነበረች። የምሳ ሰዓት ሲደርስ መጀመሪያ «ጾም ነኝ» ትል ነበር፤ ጾሙ ሲፈታ «ጨጓራዬን አሞኛል» አለች፤ ከዚያም «በልቼ ነው የመጣሁት» ማለት አዘወተረች። ሰውነትዋ እየቀጠነ ሲሄድ እኛ የሥራ ባልደረቦችዋ ምን እንዳልናት ባስታወስሁት ቍጥር አፍራለሁ። «እንዴት አማረብሽ! ምን ብታደርጊ ነው?» እያልን እናመሰግናት ነበር። አንድ ቀን ከደረጃው ላይ ተዝለፍልፋ ወደቀች። ሐኪሙም የልብዋ ምት እጅግ መዘግየቱን አይቶ፥ ሕመሙ የጨጓራ ሳይሆን የአመጋገብ መታወክ መሆኑን አስረዳ።

እናትዋ ይህን ሰምተው ከወልቂጤ ቆጮና ቅቤ ይዘው መጡ። ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው ሳለ የተናገሩት ነገር እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም። «በአባቴ ዘመን መብል እንቢ ያለውን ሰው ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ያበላው ነበር፤ የእኔ ልጅ ግን ብቻዋን ናት» አሉ። እኔም የእሳቸውን ቃል ተከትዬ የጉራጌን አገር ታሪክ የሚናገሩትን መጻሕፍት ማገላበጥ ጀመርሁ።

እንደሚታወቀው የጉራጌ ሰው ኑሮ የተመሠረተው በእንሰት ላይ ነው። በጅማ መንገድ ወደ ወልቂጤ የወረደ፥ ወይም በሌላው መንገድ ወደ ቡታጅራ የተጓዘ ሰው፥ እንሰቱ ቤቶቹን ከብቦ እንደ አጥር ቆሞ ያየዋል። እንሰት ከተተከለ በኋላ እንደ ዓይነቱና እንደ ቦታው ከፍታ ብዙ ዓመታት ተጠብቆ ለመብል ይደርሳል። ያን ጊዜ ሴቶች ግንዱን ይፍቁታል፥ ሥሩን ይቀጠቅጡታል፤ የተፋቀውም በቅጠሉ ተጠቅልሎ በጉድጓድ ይቀበርና ይብላላል። በዚህ ዓይነት የተዘጋጀው ቆጮ ለወራት፥ አንዳንዴም ለዓመታት ሳይበላሽ ይቆያል። ከእንሰቱ የሚወጣው ቡላ አለ፤ ሥሩም ሲቀቀል አሚቾ ይባላል። ድርቅ ሲመጣ እህል ቢጠፋ እንኳ እንሰቱ ስለሚቋቋም ለረሃብ መከታ ሆኖ ይኖራል። በዚህ ላይ የመስቀል በዓል ሲደርስ የሚቀርበው ክትፎ፥ አይብና ጎመን ሲጨመርበት፥ ይህ አገር በመብል የሚታማ አገር እንዳልሆነ አንባቢ ያውቃል።

ይሁን እንጂ በዚህ ጎተራው በማይጐድል አገር አንድ የሚያስደንቅ ነገር ተጽፎ እናገኛለን። ዊልያም ሻክ የተባለው አሜሪካዊ የባህል ተመራማሪ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1950ዎቹ ዓመታት መጨረሻ በቸሃ ሰዎች መካከል ተቀምጦ ኑሮአቸውን አጥንቷል። በ1966 ስለ ጉራጌ ሕዝብና ስለ እንሰት ባህል መጽሐፍ አሳተመ፤ በ1971 ደግሞ ስለ ረሃብ፥ ስለ ሥጋትና ስለ ሥርዓት አንድ ጽሑፍ አወጣ። ሻክ እንደሚለው በእነዚያ ዘመናት በየቤቱ የተከማቸው መብል ብዙ ሆኖ ሳለ፥ ሰው በገበታ ላይ የሚበላው ጥቂት ነበር። ጨዋ ሰው ማለት እጁን የሚሰበስብ ነው፤ አብዝቶ የሚበላ ግን እንደ ስግብግብ ይቈጠራል። መብል የክብርና የማዕረግ መለኪያም ነበር። ማን ለማን እንዳቀረበ፥ ማን አስቀድሞ እንደ ተቀበለ፥ ለማንስ ምን ያህል እንደ ተሰጠው ሁሉ ትርጉም ነበረው።

በዚሁ ማኅበር ውስጥ «አውሬ» የሚባል መንፈስ ያዘው የሚባል ሰው ይገኝ ነበር። በአብዛኛው የሚያዙት ሴቶች ወይም ታላላቅ ሰዎች ሳይሆኑ፥ ንብረታቸው አነስተኛ፥ ስማቸውም ዝቅ ያለ ወንዶች ነበሩ። ሕመምተኛው የመብል ፍላጎቱ ይጠፋል፤ ያቅለሸልሸዋል፤ ሆዱን አጥብቆ ይቈርጠዋል። ሕመሙ ሲጠናበት ይንቀጠቀጣል፥ ትንፋሹ ይከብዳል፥ እንደ ፈዘዘ ሆኖም ይተኛል። የቅጠልና የሥር መድኃኒት ካላዳነው ባህላዊ ፈዋሽ ይጠራለታል። ፈዋሹም ዘመድና ጎረቤት እንዲሰበሰብ፥ ከእንሰት፥ ከቅቤና ከቅመም የተሠራ መብልም እንዲዘጋጅ ያዛል።

ሲመሽ ሕመምተኛው ጢስ በሞላበትና ብርሃኑ በደበዘዘ ቤት ውስጥ ራሱን ተሸፋፍኖ በመካከል ይቀመጣል። ሰዎቹም በዙሪያው ሆነው መብሉን በእጃቸው እየዘገኑ ያቀብሉታል። ያ እህል አልቀምስ ያለው ሰው ያን ጊዜ እየተስገበገበ ይበላል፤ ሰዎቹም መንፈሱ በሕመምተኛው አፍ «ጠግቤአለሁ» ብሎ ደጋግሞ እስኪናገር ድረስ ማቅረባቸውን አይተዉም። ይህ ቃል ሲሰማ መንፈሱ ለቀቀው፥ ሰውየውም ዳነ ይባላል።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የጠቀስነው በመንፈስ ለማመን ወይም የቀድሞዎቹን ሰዎች ለመናቅ አይደለም። ያ ልማድ የዚያ ዘመን ነው፤ ዛሬ በወልቂጤና በቡታጅራ የሚኖረው ሰው ቤተ ክርስቲያኑንና መስጊዱን ይሳለማል፥ ልጁን ወደ ትምህርት ቤት፥ ሕመምተኛውንም ወደ ሐኪም ቤት ይልካል። ደግሞም የዚያ ሕመምና ዛሬ ሐኪሞች የሚያክሙት የአመጋገብ መታወክ አንድ ነው ማለት አንችልም፤ «አውሬ ያዘው» የተባለው ሰው እወፍራለሁ ብሎ የሚፈራ አልነበረምና። ነገር ግን ከዚህ ታሪክ ሁለት ቁም ነገር እናገኛለን። አንደኛው፥ በመብል መካከል ሆኖ መብላት መሳን ለአገራችን እንግዳ ነገር አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፥ ሻክ እንደ ተረጐመው፥ የሕመሙ ሥር ያለው ከሆድ ይልቅ በልብ ውስጥ መሆኑ ነው። ለሌላው ማቅረብ የማይችል፥ በገበታም የሚያስታውሰው ያጣ ሰው፥ ሥጋቱና ውርደቱ በሆዱ በኩል ይናገር ነበር። ያዳነውም መብሉ ብቻ አልነበረም፤ ሰው ሁሉ ለእርሱ ብሎ መሰብሰቡ ነው።

ወደ ሌላው ዓለም ብንሻገርም ይህ ሕመም የዛሬ ፋሽን የወለደው ብቻ አለመሆኑን እንረዳለን። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1689 ሪቻርድ ሞርተን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም፥ ያለ ሌላ በሽታ ከመብል ተለይታ አጥንትዋ በቈዳ የተሸፈነ እስኪመስል ድረስ የከሳችና በመጨረሻም የሞተች አንዲት ወጣት ታሪክ ጽፏል። በዚያው መጽሐፍ ውስጥ አንድ ወንድ ልጅም ተጠቅሷል፤ ስለዚህ ሕመሙ የሴቶች ብቻ አይደለም። በ1873 ደግሞ በለንደን ዊልያም ገል፥ በፓሪስም ሻርል ላሴግ ስለ ሕመሙ በየበኩላቸው ገለጡ፤ «አኖሬክሲያ ነርቮዛ» የሚለውን ስም ያወጣለት ገል ነው። ብዙ በልቶ ወዲያው የማስመለሱን ሕመም «ቡሊሚያ ነርቮዛ» ብሎ የሰየመው ጄራልድ ራሰል ሲሆን፥ ይህም የሆነው በ1979 ነው።

ታዲያ ወሬና ሥዕል ለዚህ ሕመም ምንም አያዋጡም ማለት ነውን? አይደለም። እኔ የምኖረው ድምፅ በማሰራጨት ሥራ ስለ ሆነ፥ ይህኛው ታሪክ ከሁሉ ይልቅ ያሳስበኛል። በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ በምትገኘው በፊጂ ደሴት፥ ወፍራም ሰውነት የጤናና የክብር ምልክት ሆኖ ይወደድ ነበር። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው አውራጃ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባለችው አሜሪካዊት ሐኪም በዚያው ዓመትና ከሦስት ዓመት በኋላ በ1998 የትምህርት ቤት ልጃገረዶችን መርምራለች። ክብደት ለመቀነስ ብላ የምታስመልስ ልጅ በመጀመሪያው ምርመራ አንዲት እንኳ አልተገኘችም፤ በሁለተኛው ግን ከመቶው 11.3 የሚሆኑት እንዲህ እንደሚያደርጉ ተናገሩ። እንግዲህ አንድ ሕዝብ ለዘመናት ያከበረውን የሰውነት መልክ ሥዕል በሦስት ዓመት ውስጥ ሊያስንቀው ቻለ። ዛሬ በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ፥ በአዲስ አበባም፥ ያ የሥዕል ሣጥን በየልጁ ኪስ ውስጥ በስልክ መልክ ይገኛል።

አሁን ወደ ጉዳቱ እንመለስ። የሰው ሰውነት መብል ሲጐድልበት እንደ ብልህ ባለቤት ወጪውን ይቀንሳል። ልብ ምቱን ያዘገያል፤ የደም ግፊት ይወርዳል፤ ገላ ይቀዘቅዛል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ይቋረጣል፤ አጥንትም እየሳሳ ሄዶ በቀላሉ ይሰበራል። ዘወትር የሚያስመልስ ሰው የጥርሱ ገለባ በሆድ አሲድ ይበላል፤ ከዚህም የሚከፋው በደሙ ያለው ፖታሲየም ስለሚቀንስ ልቡ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊቆም መቻሉ ነው። ለዚህ ነው ሐኪሞች አኖሬክሲያን ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት መካከል የሚቈጥሩት። ከሚሞቱትም አንዳንዶቹ የሚሞቱት ልባቸው ቆሞ ሳይሆን በገዛ እጃቸው ነው።

በአእምሮ ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት በግልጽ ያሳየ አንድ ምርመራ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፥ በ1944ና በ1945፥ አንሰል ኪስ የተባለው ምሁር በአሜሪካ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን በፈቃዳቸው ለ24 ሳምንታት በግማሽ ረሃብ አኖራቸው። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩቡን ያህል አጡ። የሚያስደንቀው ግን የጠባያቸው መለወጥ ነው። ቀንም ሌሊትም ስለ መብል ብቻ ያስቡ ጀመር፤ የወጥ አሠራር መጽሐፍ የሚሰበስቡ፥ ሳህናቸውን የሚልሱ ነበሩ። ከወዳጆቻቸው ራቁ፤ ተቈጡ፤ አዘኑ። መብሉ ከተፈቀደላቸውም በኋላ አንዳንዶቹ ሆዳቸው እስኪወጠር በልተው «ጠግቤአለሁ» ለማለት አልቻሉም። ከዚህ እንደምንረዳው አእምሮ ሆድን እንደሚያስርብ ሁሉ፥ የተራበ ሆድም ተመልሶ አእምሮን ያውካል። ሕመምተኛውን «ብላና ተነሥ፤ ምን ጐደለህ?» ብሎ መገሠጽ የማይረዳውም ስለዚህ ነው፤ የሚገሠጸው አእምሮ ራሱ ተርቧልና።

በዚህ ረገድ የቡታጅራ ስም በዓለም ሐኪሞች ዘንድ የታወቀ መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ከኡሜኦ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ1979 ዓ.ም. በቡታጅራና በአካባቢዋ የሕዝብ ጤና ጥናት አቋቋመ። የሚወለደውንና የሚሞተውን፥ የሚገባውንና የሚወጣውን ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ መመዝገብ ከዚያ ተጀመረ። በኋላም በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1998 ጀምሮ የአእምሮ ሕመምን ለማጥናት 68,378 ሰዎች በያሉበት ተጠየቁ፤ ዕድሜአቸውም ከ15 እስከ 49 ዓመት ነበር። ከዚህ ጥናት የተገኙትን ጽኑ የአእምሮ ሕመምተኞች ዐሥር ዓመት ያህል ተከታትለው ያዩት ምሁራን፥ ሕመምተኞቹ ከሌላው ሰው በሠላሳ ዓመት ገደማ ቀድመው እንደሚሞቱ ገለጡ። ከቡታጅራ በማይርቀው በሶዶ ወረዳ የተደረገው ምርመራ ደግሞ ጽኑ የአእምሮ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከሌላው ቤት ይልቅ በመብል እጦት እንደሚቸገር አሳይቷል። ያመመው ማረስ አይችልም፤ አስታማሚውም ከሥራው ይውላል፤ ጎተራው ይራቈታል። ስለዚህ በአንዱ ቤት አእምሮ መብልን ይከለክላል፤ በሌላው ቤት የአእምሮ ሕመም መብልን ያሳጣል። ሁለቱም የአንድ ገመድ ሁለት ጫፎች ናቸው።

እንግዲህ ደመወዝተኛ የሆንነው፥ ከማለዳ እስከ ማታ በቢሮ የምንውለው፥ ልጆቻችንንም በእራት ሰዓት ብቻ የምናያቸው ሰዎች ምን ማድረግ ይገባናል? አስቀድሞ ምልክቱን እንወቅ። ከገበታ በየጊዜው የሚሸሽ፥ ከበላ በኋላ ወዲያው ወደ መጸዳጃ ቤት የሚሮጥ፥ ሌሊት በድብቅ ብዙ የሚበላና የሚያፍር፥ በሙቀት ቀን የሚበርደው፥ ሰውነቱ ከስቶ ሳለ ወፈርሁ እያለ የሚጨነቅ፥ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ያለ ሐኪም ፈቃድ የሚወስድ ሰው በቤታችን ቢኖር፥ ነገሩን በቀላሉ አንየው።

ጾምን በተመለከተም አንድ ነገር እንናገር። ጾም በሽታ አይደለም፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ከአባቶቹ የተቀበለው የነፍስ ሥራ ነው። ጿሚ ሰው ሰዓቱ ሲደርስ በደስታ ይፈታል፤ ከወገኑ ጋርም ይበላል። ጾሙ ሲፈታ የሚጨነቅ፥ በፋሲካና በዒድ ዕለት ከገበታ የሚሰወር ሰው ግን ጾምን መሸሸጊያ አድርጎት እንደ ሆነ እናስተውል። ታማሚን ከጾም የሚያሳርፍ ሥርዓት በሁለቱም ሃይማኖት ዘንድ ስላለ፥ የንስሐ አባትም ሆኑ ሼኹ በዚህ ረገድ ትልቅ ረዳት ይሆኑናል።

ሁለተኛው ነገር፥ በፍቅር ብዛት አንግደል። ለብዙ ጊዜ ከመብል የተለየን ሰው በአንድ ቀን በቅቤና በክትፎ ማጥገብ አደገኛ ነው። በተራበ ገላ ውስጥ መብል በድንገት ሲበዛ የደሙ ፎስፈረስና ፖታሲየም ይወርዳል፤ ልብም ይደክማል። በጦርነቱ ማብቂያ ከእስር የወጡ ብዙ ሰዎች ከመብል በኋላ የሞቱት በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ እጅግ የከሳ ሰው በሐኪም ተቈጣጣሪነት፥ ጥቂት በጥቂት እየተጨመረለት መብላት አለበት።

ሦስተኛ፥ ሕመሙን እንደ ነውር አንደብቀው። ከኢጣልያ ወረራ ዘመን ጀምሮ የሚያገለግለውን የአማኑኤል ሆስፒታልን ስም ሰምቶ የማይደነግጥ ሰው ጥቂት ነው፤ ሆኖም የአእምሮ ሕክምና ዛሬ በአዲስ አበባ ብቻ የሚገኝ አይደለም። በቡታጅራ ሆስፒታል በሥነ አእምሮ የሠለጠኑ ነርሶች ሕመምተኞችን ሲረዱ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል፤ መንግሥትም ይህ ሕክምና በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አቅዶ ሠርቷል። መጀመሪያ ልብንና ደምን፥ ቀጥሎም ጭንቀትንና ኀዘንን የሚመረምር ባለሙያ ማግኘት ይገባል።

አራተኛውና የሚቀለው ነገር በአንደበታችን ያለው ነው። «ወፈርሽ» «ከሳህ» የምትለውን ሰላምታ እንተዋት። እኔና ባልደረቦቼ ያቺን ወጣት ያመሰገንናት ለጥፋትዋ ነበር፤ ክፋት አስበን ግን አልነበረም።

ስለ እርስዋ መጨረሻ ለማወቅ የምትፈልጉ አንባቢዎች ትኖራላችሁ። ለመዳን ሁለት ዓመት ያህል ፈጅቶባታል፤ በመካከሉም ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ተመልሳለች። ሐኪምዋ መድኃኒትና ምክር ሰጣት፤ እናትዋ ደግሞ ሥራቸውን ትተው አጠገብዋ ተቀመጡ። እኛም በምሳ ሰዓት ተራ ገብተን፥ ብዙ ሳንናገርና ሳናስገድዳት፥ አብረናት እንበላ ጀመር። አንድ ቀን ከፊትዋ የነበረውን ጨርሳ እጅዋን እየታጠበች «ጠግቤአለሁ» አለችን። ቃሉን በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ያን ቀን ግን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት መሰለኝ።

የጥንቶቹ የጉራጌ ሰዎች የሕመሙን ስም በዘመናቸው ዕውቀት ጠሩት፤ እኛም በዘመናችን ዕውቀት እንጠራዋለን። ስሙ ቢለወጥም ሕመምተኛው ብቻውን እንዳይቀር መሰብሰባቸው ግን ዛሬም ልንማረው የሚገባ ጥበብ ነው። እንግዲህ ዛሬ ማታ ከገበታችሁ ስትቀርቡ፥ ከወጡ አስቀድማችሁ በዙሪያው የተቀመጡትን ልጆቻችሁን ተመልከቱ።